ከወተት ቀጂዋ ጋር ያሳለፍኩት ከሰዓት

እንደምን ከረማችሁ፣ አድማጮቼ። ድምፄ ጎርነን ካለባችሁ የደሴ ብርድ ነው። ጦሳ ከማለዳ ጀምሮ ጉም እንደለበሰ ነው፤ እኔም ከጋቢዬ አልወጣሁም።

34 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። አምስተርዳምን ካርታ ላይ በዱላ ጫፍ ስንት ጊዜ እንዳሳየሁ ቁጥሩን እግዜር ይወቀው። ጡረታ ስወጣ አያታለሁ እል ነበር። አሁን 74 ዓመቴ ነው። ጉልበቴ እንኳንስ አምስተርዳም ሊያደርሰኝ፣ ከፒያሳ ወደ ቤቴ የሚያወጣውን ዳገትም ሁለት ጊዜ ሳያስቀምጠኝ አያሳልፈኝም።

ባለፈው ወር የልጅ ልጄ በስልኬ የራይክስሙዚየምን ገጽ ከፈተልኝና «እማማ፣ ይኸው አምስተርዳም ገቡ» ብሎኝ ወደ ጉዳዩ ሄደ። እኔም ገባሁ፤ ከሰዓቱን ሙሉ ከአንዲት ወጥ ቤት አልወጣሁም።

ወጥ ቤቷን የሣላት ዮሐንስ ቬርሜር የሚባል የዴልፍት ከተማ ሰው ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1660 ገደማ። ክንደ ብርቱ ሴት እጅጌዋን ሰብስባ ከማሰሮ ወተት ትቀዳለች። ጠረጴዛው ላይ ዳቦ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ቅርጫት አለ። በሁለት ጣቴ ሥዕሉን እየዘረጋሁ ጠጋ፣ አሁንም ጠጋ አልኩ። ከመስኮቱ መስታወቶች አንዷ ተሰብራለች። ከሴትዮዋ በላይ ባዶው ግድግዳ ላይ ምስማር ተመትቷል፤ ጥላው ሳይቀር ተሥሏል። ሌላ ቦታ ደግሞ ምስማር ተነቅሎ የቀረ ቀዳዳ አለ። ብቻዬን ሳቅሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወንፊት እንድሰቅልበት የመታልኝ ምስማር ከወደቀ ዘመን የለውም፤ ቀዳዳው ግን እስከ ዛሬ ከምድጃዬ በላይ አለ።

ሙዚየሙ ውስጥ ብሆን ኖሮ አፍንጫዬን እስከዚያ ድረስ ሳስጠጋ ዘበኛው ክንዴን ይዞ ያስወጣኝ ነበር።

በ2022 ተመራማሪዎች ሥዕሉን በልዩ መሣሪያ ሲመረምሩት ከሴትዮዋ ራስ ጀርባ የማሰሮ መስቀያ ጀምሮ እንደነበረና በኋላ በቀለም እንደሸፈነው አገኙ። ደግ አደረገ። ዕቃ የበዛበት ወጥ ቤት ውስጥ ሴትዮዋን ማን ያያታል?

አንድ ቅሬታ አለኝ። ይህች ሥዕል ቁመቷ 45.5፣ ወርዷ 41 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከሰፌዴ አትበልጥም። የሌላው ሠዓሊ የሬምብራንት «የሌሊት ዘብ» የተባለው ሥዕል ግን ከሦስት ሜትር ተኩል በላይ ቁመትና ከአራት ሜትር በላይ ስፋት ያለው ነው። ስልኬ ላይ ሁለቱም አንድ መዳፍ ናቸው። ስለዚህ ሜትር አውጥቼ የሳሎኔን ግድግዳ ለካሁ፤ የሌሊት ዘቡ አልገባ አለኝ። እርሱንም ሰዎች አንድ ጊዜ በድለውታል፤ በ1715 ወደ አምስተርዳም ከተማ አዳራሽ ሲወስዱት ግድግዳው አልበቃው ብሎ ጠርዞቹን ቆርጠው ጣሉ። እኔ ቢያንስ መቀስ አላነሳሁም።

በነገራችን ላይ፣ ያላየሁትን ሁሉ በዕድሜ አላሳብብም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው ባለ ሥዕሉ መጽሐፍ፣ የዚያ ገዳም ነው። ገዳሙ ደግሞ ሴት አይገባበትም። ጉልበቴ እንደ ሚዳቋ በነበረበት ዘመንም ከደጁ ቆሜ ተሳልሜ ተመልሻለሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1973 ጀምሮ የአገራችን የብራና መጻሕፍት በፊልም ሲነሱ ያም ተነስቷል፤ ቅጂዎቹ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ተቀምጠዋል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። በስልኬ የቅዱሳኑን ዓይን ስመለከት የልብሳቸውን ቀለም በሐሳቤ ስቀባ አመሻለሁ፤ አንዱን ቀይ፣ አንዱን አረንጓዴ። ሥርዓቱን አልቃወምም፤ ግን ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ትናንት ቡና ስናፈላ ወተት ቀጂዋን ለጎረቤቴ አሳየኋት። እርሷም መነጽሯን አድርጋ ብዙ ዝም አለችና «ማሻአላህ! ግን ይህች ልጅ ወተቱን በጣም አቀጠነችው፤ መቼ ሊሞላላት ነው?» አለች። እስከ በረካው ድረስ በዚሁ ተከራከርን። እኔ ስስት ነው ስል፣ እርሷ ትዕዛዝ ነው አለች፤ እመቤቲቱ ከበሩ ጀርባ ቆማ ይሆናል።

ተመልሼ ሥዕሉን ብፈልግ በር የሚባል አላየሁበትም። ይኸው እየመጣች ነው፤ ልንገራት።