እጃችንን እንንከር

የተከበራችሁ እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ የሽመና ባለሙያዎች፣ ወጣቶች፤ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ቀለምና ፈትል ሥልጠናችን እንኳን ደህና መጣችሁ።

ጎጃም ፈትል ብርቁ አይደለም። መዳመጫውም፣ ደጋኑም፣ እንዝርቱም የቤታችን ነው። ቀለሙ ላይ ነው የላላነው። ድሮ ብዙ ሸማኔ ከባሕር ማዶ የመጣ ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ እየተረተረ ለጥለት ይጠቀም ነበር። የቀለሙ ተክል ግን እዚሁ አለን። እናቶቻችን እንሶስላ ይሞቃሉ። እርዱ በየጓዳው ነው። ሱፍን ዘይትና ፍትፍት ብቻ አድርገን እናየዋለን እንጂ አበባውን በውሃ ብትዘፈዝፉት መጀመሪያ ቢጫ ይለቃል። ቢጫው ታጥቦ ካለቀ በኋላ በአመድ ውሃ ስታሹት ተደብቆ የነበረው ቀይ ይወጣል።

እስቲ የጎጃምን አረንጓዴ ቁምጣ አስቡት። ቅጠል ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ግን ጨርቅ ላይ የሚጸና አረንጓዴ ከቅጠል ማግኘት ከባድ ነው። የጥንት ቀለም ነካሪዎች ጨርቁን ሁለቴ ይነክሩት ነበር፤ አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ ቢጫ። ሰማያዊው ከተክል ቅጠል የሚወጣው ኢንዲጎ የሚባል ቀለም ነው። ጨርቁ ከጋኑ ሲወጣ ቢጫማ አረንጓዴ ነው። አየር ሲነካው ዓይናችሁ እያየ ወደ ሰማያዊ ይዞራል። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር እደነቃለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1856 የ18 ዓመቱ እንግሊዛዊ ዊሊያም ፐርኪን የወባ መድኃኒት ሲፈልግ ሐምራዊ የኬሚካል ቀለም አገኘ። ከዚያ ወዲህ የተክል ቀለም ሙያ በየአገሩ ከእጅ እየወጣ ሄደ።

ይህን ሙያ አንብቦ ብቻ መያዝ አይቻልም። ቀለም እንዲጸና ጨርቁ ሸብ በሚባል ማዕድን ይዘፈዘፋል፤ የበግ ጸጉር ሸብን ቶሎ ይይዛል። ጥጥ ግን ግግም ይላል፤ መጀመሪያ እንደ ግራር ልጥ ባለ ነገር ካልተዘፈዘፈ ቀለሙን ይለቃል። የልጡን ነገር ደግሞ ከቆዳ ፋቂዎቻችን በላይ የሚያውቅ የለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ዛሬም ልጁ ሸማኔ እንዳይሆን የሚፈልግ ወላጅ አለ፤ ይህ እኔን ያመኛል። ስለዚህ እዚህ አስተማሪዎቹ እነዚሁ የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። ወጣቶች፣ በስልክ መቅረጹን ለኋላ አቆዩትና መጀመሪያ እጃችሁን ንከሩ።

ሰኞ ጠዋት በሽንኩርት ልጣጭ እንጀምራለን። ቤት ያለውን አጠራቅሙና አምጡ። ሸቡን እኛ እናቀርባለን። ቀለም የተፈላበት ድስት ወደ ወጥ ቤት ስለማይመለስ፣ የምታመጡት የማትፈልጉት ድስት ይሁን። እናቶቻችን፣ እንዝርታችሁን እንዳትረሱ፤ የመጀመሪያው ሰዓት የእናንተ ነው።

አመሰግናለሁ።