ናኖ ዱቄት ካርቦን ፋይበርን ያጠነክራል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የስልክ መስመራችን የተከፈተው ስለ ካርቦን ፋይበር ኮምፖዚትና ወደ ሬዚኑ ስለሚጨመሩ ናኖ ዱቄቶች ነበር። ኮምፖዚቱ የካርቦን ክሮች በሬዚን፣ ማለትም ደርቆ በሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ፣ ተያይዘው የሚሠራ ቁስ ነው፤ ናኖ ዱቄት ደግሞ ቅንጣቱ በናኖ ሜትር፣ በሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ፣ የሚለካ ዱቄት ነው። የአድማጮች ጥያቄዎች አጥረው ቀርበዋል፤ መልስ የሰጡት የቁሳቁስ ምህንድስና ባለሙያ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር የምደውል የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ የድሮን ክንድ በካርቦን ፋይበር እሠራለሁ። ካርቦን ናኖቲዩብ፣ ያ እጅግ ቀጭን የካርቦን ቱቦ፣ ከብረት ብዙ እጥፍ ይጠነክራል ይባላል። ብጨምርበት ክንዱ ስንት እጥፍ ይጠነክራል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እጥፉን ከወዲሁ እንተወው። ክንዱን በርዝመቱ የሚጎትተውን ጭነት የሚሸከሙት ክሮቹ ናቸው፤ የአንዱ ክር ውፍረት ከ5 እስከ 7 ማይክሮ ሜትር (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ነው። ሬዚኑ ክሮቹን ያያይዛል፣ ጭነቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ያደርሳል። ናኖቲዩቡ የሚገባው ወደ ሬዚኑ እንጂ ወደ ክሩ አይደለም። ስለዚህ ናሙናህን ጎትተህ ብትበጥሰው ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም።

ጥቅሙ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከክሮቹ የተሠራው ጨርቅ ንጣፍ በንጣፍ ላይ ሲደረደር በንጣፎቹ መካከል ክር የለም፣ ሬዚን ብቻ ነው። ድሮኑ ሲከሰከስ ወይም መፍቻ ሲወድቅበት ስንጥቁ የሚሮጠው በዚያ በኩል ነው፤ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ይላቀቃል። በሚገባ የተበተነ ናኖ ዱቄት ይህን ሩጫ ያዘገየዋል። እንግዲያው ፈተናህም ይህንኑ ይለካ፦ አጭር ናሙና በሦስት ነጥብ ደግፈህ እያጠፍህ ንጣፎቹ የሚንሸራተቱበትን ጭነት መዝግብ። ናኖ የሌለበትን ናሙና በዚያው ሬዚን፣ በዚያው ቀን መሥራትህን አትርሳ፤ አለበለዚያ የምታነጻጽረው የለህም።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ነው። ናኖቲዩብ ገዝቼ ኢፖክሲ ከሚባለው ሬዚን ጋር በእጄ አማሰልኩት። ሬዚኑ ጥቁር ሆነ፤ ናሙናው ግን ናኖ ከሌለበት ይልቅ ደከመ። ለምን?

መልስ፦ መጥቆሩ አታሎዎታል። ናኖቲዩቦች እርስ በርስ ይሳሳባሉ፣ ይጠላለፋሉም። የአንድ ግራም ናኖቲዩብ የገጽ ስፋት በመቶዎች የሚቆጠር ካሬ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ይህ ሁሉ ገጽ በሬዚን መራስ አለበት። በማንኪያ ሲማሰል ልክ እንደ ሽሮ ይጓጉላል፤ የሽሮው ጓል ለዓይን ሲታይ ይህኛው ማይክሮስኮፕ ይፈልጋል። ውስጡ ሬዚን ያልደረሰው ጓል ደግሞ ስንጥቅ የሚወለድበት ቦታ ነው። ናሙናውን ያደከመው ይኸው ነው።

ጓሉን ለመበተን የተለመዱት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ቀለም ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ባለ ሦስት ሲሊንደር መፍጫ ነው፤ ሲሊንደሮቹ በተለያየ ፍጥነት እየዞሩ ጓሉን ይበታትኑታል። ሁለተኛው በአልትራሳውንድ መንቀጥቀጥ ነው። እሱ ሬዚኑን ስለሚያሞቀው ዕቃው በረዶ ባለበት ውኃ ውስጥ ተቀምጦ፣ እያረፉ እያስነሱ መሥራት ያስፈልጋል፤ ከልክ ሲያልፍ ናኖቲዩቦቹን ራሳቸውን ይሰባብራል። ሬዚኑን የሚያደርቀው ማጠንከሪያ የሚጨመረው ሁሉም አልቆ ሬዚኑ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ቀድሞ ከገባ እዚያው ዕቃው ውስጥ ይደርቅብዎታል።

መጠኑንም ይቀንሱ። በክብደት ከ0.1 እስከ 0.5 በመቶ ለመነሻ በቂ ነው፤ ከ1 በመቶ ሲያልፍ ሬዚኑ እንደ ሊጥ እየወፈረ ጨርቁን ማራስ ያቅተዋል። ሬዚኑን በቫኪዩም፣ አየሩን በመምጠጥ፣ ወደ ጨርቁ የሚያስገቡ ከሆነ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፦ ጨርቁ ወንፊት ይሆናል። በመግቢያው በኩል ናኖው ይከማቻል፣ ከጫፍ የሚደርሰው ሬዚን የጠራ ይሆናል፤ አንድ ሠሌዳ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይወጣል።

ለጀማሪ የምመክረው ናኖ ሲሊካ፣ ማለትም እጅግ የደቀቀ የአሸዋ ማዕድን፣ ነው። ቅንጣቶቹ ወደ 20 ናኖ ሜትር የሚሆኑ ድቡልቡሎች ናቸው፤ በኢፖክሲ ውስጥ አስቀድሞ ተበትኖ የሚሸጥ አለ። ስላልረዘሙ አይጠላለፉም፣ በክሮቹ መካከልም በቀላሉ ያልፋሉ። እንደ ናኖቲዩብ ዝና የለውም እንጂ ለሥራው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ፣ ብስክሌት ጋላቢ ነኝ። «ናኖ» የሚል የተጻፈበት ብስክሌት ተጨማሪ ዋጋው ያዋጣል?

መልስ፦ ናኖቲዩብ በሬዚኑ የገባበት ብስክሌት በ2005 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ተወዳድሯል፤ ነገሩ ፈጠራ አይደለም። ነገር ግን የብስክሌቱን ጠባይ የሚወስነው የክሮቹ አቅጣጫና አደራደር ነው። ለተለጠፈው ቃል ብቻ ገንዘብ አልጨምርም።

ጥያቄ፦ ከሲያትል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚበርበት ቦይንግ 787 ናኖ አለበት? መብረቅ ሲመታውስ?

መልስ፦ አየር መንገዱ 787ን በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ ተረክቧል፤ ከአውሮፕላኑ ክብደት ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት ነው። በዋናው አካሉ ንጣፎች መካከል መላቀቅን የሚከላከሉ የፕላስቲክ ቅንጣቶች አሉ፤ እነሱ ግን በማይክሮ ሜትር የሚለኩ ናቸው። ሐሳቡ ከናኖው ጋር አንድ ነው፣ ቅንጣቱ ተለቅ ይላል። ለመብረቅ ደግሞ ከቀለሙ ሥር ቀጭን የመዳብ መረብ ተዘርግቷል፤ ካርቦን ክር ኤሌክትሪክ ቢያስተላልፍም ሬዚኑ ስለሚከለክል ያለ መረቡ የተመታው ቦታ ይቃጠላል። ናኖቲዩብ ጥቂት ሲጨመርበት ሬዚኑ ማስተላለፍ ይጀምራል፤ ከመዳብ ጋር ግን ገና አይወዳደርም። ናኖቲዩቡ ለመብረቅ ኃይል ባይበቃም የተጠራቀመ ስታቲክ ኤሌክትሪክን ለማስወገድ ይበቃል፤ በ2011 ወደ ጁፒተር የተላከችው ጁኖ መንኩራኩር ላይ ለዚሁ ሥራ ውሏል።

ጥያቄ፦ ከጎንደር እናት ነኝ። ልጄ ይህን ሁሉ ሳሎን ውስጥ ነው የሚሠራው። ይጎዳዋል?

መልስ፦ እናቴ፣ ዛሬውኑ ከሳሎን ያስወጡት። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም በ2013 ለናኖቲዩብ ያወጣው ወሰን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። በ2014 ደግሞ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት አንዱን የናኖቲዩብ ዓይነት ካንሰር ሊያስከትሉ ከሚችሉት መደብ ውስጥ አስገብቶታል። ደረቁን ዱቄት ፈጽሞ አይክፈተው፤ በሬዚን ውስጥ የተበተነውን ይግዛ። የደረቀውን ሲሞርድ ውኃ እያረጠበ፣ አፍንጫውን አጥብቆ በሚገጥም የአቧራ ማጣሪያ ሸፍኖ ይሁን፤ የሐኪም ቤቱ ስስ ጭንብል አይሠራም። ማጠንከሪያው ቆዳ ላይ አለርጂ ያስነሳልና ጓንት አይለየው። የካርቦን ብናኝ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባም ኤሌክትሪኩን ያገናኘዋል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ፋይበር ግላስ እሠራለሁ፤ ወደ ካርቦን መግባት ፈልጌያለሁ። ባለኝ ትንሽ ገንዘብ ናኖ ዱቄት ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። በኮምፖዚቱ ውስጥ የሚቀረው የአየር አረፋ 1 በመቶ በጨመረ ቁጥር በንጣፎች መካከል ያለው ጥንካሬ ወደ 7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ናኖው የሚያስገኝልዎትን ጥቂት ጥቅም አረፋው መልሶ ይወስደዋል። ቫኪዩም ፓምፕና ግራም የሚለይ ሚዛን ይቅደሙ፤ ኢፖክሲ እንደ ፖሊስተር ሬዚን ማጠንከሪያውን በግምት አይቀበልም። ከተረፈዎት ሙቀቱ የሚስተካከል ምድጃ ይጨምሩ።