ዋይፋዩ ይገናኛል፣ ኢንተርኔቱ ግን የለም፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ስልኬ ዋይፋይ ሲገባ የአይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) የሚሰጠው ማን ነው?

ቤት ውስጥ ከሆነ ራውተሩ ነው። ስልክዎ «አድራሻ የሚሰጥ አለ?» ብሎ ይጣራል። ራውተሩ አንድ ቁጥር ያቀርባል፣ ስልኩ ይቀበላል፣ ራውተሩ ያጸድቃል። አሠራሩ ዲኤችሲፒ ይባላል። ከቁጥሩ ጋር ጌትዌይ (ወደ ኢንተርኔት መውጫው) እና ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው) አብረው ይሰጣሉ። ስለዚህ ሁሌም እንደምለው፣ መሣሪያችሁ ቅንብር ውስጥ ቁጥር በእጃችሁ አትጻፉ!

ቁጥሩ ለምን ይቀያየራል?

ኪራይ ነው፤ ራውተሩ ቁጥሩን የሚሰጠው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። አያሳስብዎ።

ላፕቶፔ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ያሳያል።

ተጣርቶ መልስ ስላጣ ለራሱ ያወጣው ቁጥር ነው። ኬብሉን ይፈትሹ፣ ራውተሩን አጥፍተው ያብሩ። በእጅ ሌላ ቁጥር መጻፍ? አይሆንም ብያለሁ።

የቢሮው ዋይፋይ እኔ ክፍል ስለማይደርስ ከቤት አሮጌ ራውተር አምጥቼ ሰካሁ። ከሰዓት በኋላ ግማሹ ሠራተኛ ኢንተርኔት አጣ። የኔ ጥፋት ነው?

አዎ ወንድሜ፣ ያንተው ነው። መጀመሪያ ሂድና ንቀለው፤ ከዚያ ተመልሰህ አንብብ።

ኬብሉን ከላን ቀዳዳዎቹ (ኮምፒውተሮች ከሚሰኩባቸው) በአንዱ ሰክተኸዋል ብዬ እገምታለሁ። አሁን ቢሮው ውስጥ አድራሻ አዳዮቹ ሁለት ሆነዋል። ኮምፒውተሮች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የመለሰላቸውን ነው የሚቀበሉት። ያንተ ራውተር ከቀደመ «ወደ ኢንተርኔት መውጫው እኔ ነኝ» ይላቸዋል፤ እሱ ግን መውጫ የለውም። ጠዋት ሁሉም ደህና የነበረው የቀድሞ ኪራያቸው ስላላለቀ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያበራ፣ ምሳ በልቶ የተመለሰ፣ እየተራ ይወድቃል። ጥፋቱ ግን በቴሌ ይሳበባል!

ይህ የኢንተርኔት መጥፋት ብቻ አይደለም። ክፉ ሰው ሆን ብሎ እንዲህ ያለ ዕቃ ቢሰካ የራሱን ዲኤንኤስ ሰጥቶ ሠራተኛውን ወደ ሐሰተኛ ገጽ ሊመራ ይችላል። ቅንብራቸው የሚስተካከል ስዊቾች (የቢሮውን ኬብሎች የሚያገናኙ ዕቃዎች) ላይ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ የሚባል፣ ያልተፈቀደ አድራሻ አዳይን የሚያግድ መከላከያ ያለው ለዚህ ነው። አለቃህ ያብሩት።

አሮጌው ራውተር የግድ ይሥራ ካልክ፣ ከመሰካትህ በፊት ዲኤችሲፒውን አጥፋ፤ የራሱንም አድራሻ ከዋናው ራውተር የተለየ አድርግ። ሁለቱም 192.168.1.1 ከሆኑ ሌላ ጣጣ ነው። ይህን ማድረግ ካልቻልክ አትንካው፤ የኔትወርክ ሰው ጥራ።

ካፌ አለኝ። ማታ ማታ ዋይፋዩ አዲስ ደንበኛ አይቀበልም።

ራውተሩ የሚያድላቸው ቁጥሮች ውስን ናቸው፤ ጠዋት ቡና ጠጥቶ የሄደው ሰው አድራሻ ለ24 ሰዓት ተይዞ ይሆናል። የኪራይ ጊዜውን ወደ አንድ ሰዓት ያውርዱት። የሂሳብ ማሽኑ ግን ከደንበኞች ዋይፋይ ይለይ፤ ለእሱ ባለሙያ ያምጡ።

የፕሪንተራችን አድራሻ እንዳይቀየር በእጅ ልጻፍ?

ምን ብዬ ነበር? ራውተሩ ያንኑ ቁጥር ለአንዱ ስልክ ሊሰጥ ይችላል፤ ከዚያ ሁለቱም ይታወካሉ። ራውተሩ ውስጥ ገብተው በፕሪንተሩ ማክ አድራሻ (ከፋብሪካ ይዞት በመጣው መለያ) ሪዘርቬሽን፣ ማለትም ቋሚ ቁጥር፣ ያስይዙለት።

ትምህርት ቤታችን 200 ኮምፒውተር አለው፣ ሁሉም...

ይህ በስልክ አይሆንም። ባለሙያ ይጥሩ።