መሬታችን የመጣው ከጉና ነው

(በወረታ ለተሰበሰቡ የፎገራ አርሶ አደሮች፣ ወላጆችና ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ!

ስለ ፎገራ የተፈጥሮ ሀብት እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። እናንተ ፊት ቆሞ ስለ ፎገራ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስለዚህ ብዙ አላበዛም። አንድ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ይሄን ሜዳ የሠራው ጎርፍ ነው፤ ለጎርፉ ቦታ ከነፈግነው ቦታውን ራሱ ይወስዳል።

እስቲ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ጣና ደግሞ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። የርብ ወንዝም የጉማራ ወንዝም ከጉና ተነሥተው ይሄን ሁሉ ቁልቁለት ይወርዳሉ፤ ሲወርዱም አፈር ተሸክመው ነው። እኛ ጋ ሲደርሱ መሬቱ ለጥ ይላል፣ ውሃው ጉልበት ያጣል፣ ጭነቱን ያራግፋል። ዛሬ የምናርሰው ዋልካ አፈር እንዲህ እየሆነ ስንት ዘመን የተጠራቀመ ነው። ላይ ጉና ሥር ያለው የፋርጣ ገበሬ ያጣው አፈር እኛ ጋ አለ ማለት ነው። ደረሰኝ ግን አልቆረጥንለትም።

ውሃ የሚተኛበት መሬት ድሮ ለግጦሽ እንጂ ለእህል ብዙም አይታሰብም ነበር። በደርግ ዘመን፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ፣ ሩዝ መጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ሩዙ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፣ ጠላ ይጠመቅበታል፣ ገለባው ለከብት ይውላል። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚሁ ፎገራ ተተክሏል። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ጓያው ነው። ሩዙ ገና ሳይታጨድ እግሩ ሥር ጓያ ትበትናላችሁ። ሩዙ ሲነሣ ጓያው በቅሎ ይገኛል፤ ዋልካው በያዘው እርጥበት ብቻ ይደርሳል። በአንድ ክረምት ውሃ ሁለት ምርት! ይሄን ዘዴ ከዩኒቨርሲቲ አልተማራችሁትም።

ሩዝ ግን በነጻ አልመጣም። የግጦሹን መሬት በላው። የፎገራ ላም ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ ናት፤ ረግረግ ውስጥ ቆማ የምትግጥ፣ የዝንቡን መንጋ የምትችል፣ በወተቷ ስም ያላት። ዛሬ ንጹሑን ዘር ፈልጎ ማግኘት ሥራ ሆኗል። ግጦሹ ጠበበ፣ ዘሩም ከሌላው ከብት ጋር ተዳቀለ። የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዘሩን ለማቆየት ይደክማል፣ ምስጋና ይገባዋል። ግን ማዕከል ውስጥ ብቻ የቀረ ከብት የኛ ነው ለማለት አፍ ያዝ ያደርጋል።

አሁን ወደ ጎርፉ ልምጣ። የ1998 ዓ.ም.ን ክረምት የማያስታውስ ትልቅ ሰው እዚህ የለም። በሺህ የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ያኔ ብዙዎቻችን ሰማዩን ወቀስን። ዝናቡ በዝቶ ነበር፣ እውነት ነው። ሌላም ምክንያት ነበረው። ርብ በደለል እየተሞላ ወለሉ ከፍ ብሏል። ጣና ሲሞላ ደግሞ ወንዙ ቶሎ ገብቶ መውጫ አያገኝም። ታዲያ የት ይሂድ? ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች የነበሩት ለዚህ ነው። በክረምት ትርፉን ውሃ ይቀበላሉ፣ በበጋ ቀስ እያሉ ይለቃሉ። እኛ ግን ውሃው በሸሸ ቁጥር እየተከተልን አረስናቸው፤ የቀረውን በሞተር ለሽንኩርትና ለቲማቲም ሳብነው። ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው እዚያ የሚከርሙት ወፎችም ማረፊያቸው ጠበበ። በመስከረም ዝናቡ ቶሎ ሲወጣ የሩዙ ማሳ ጣና አጠገብ ሆኖ ይሰነጠቃል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ።

ጣናን ስለወረረው እምቦጭ አረም አልናገርም። እጃችሁ እስኪላላጥ የነቀላችሁት እናንተ ናችሁ።

ስለ አሸዋው ግን ዝም ብዬ ባልፍ ቅር ይለኛል። ነጭ ዓሣ በክረምት ከጣና ተነሥቶ ጉማራንና ርብን ሽቅብ ይወጣል። እንቁላሉን የሚጥለው ንጹሕ ጠጠር ላይ ነው፤ ጭቃ ላይ አይሆንለትም። ሲኖትራኩ ገብቶ አሸዋውንና ጠጠሩን ሲያፍሰው ዓሣው መጥቶ ማረፊያ ያጣል። የወንዙም ዳር ይናዳል፤ የሚናደው ደግሞ የናንተው ማሳ ነው። ወጣቱ በዚህ ሥራ እንጀራ እንደሚበላ አውቃለሁ፤ ይቁም አልልም። ዓሣው በሚወጣባቸው ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት ወራት አሸዋ እንዳይጫን፣ ቦታውም እንዲመረጥ ነው የምለው።

የርብ ግድብ ያድነናል የሚል አለ። በከፊል እውነት አለው። ግድብ ግን ውሃውን ሲይዝ ደለሉንም ይይዛል። ላይ ያለው ተራራ ከተራቆተ ግድቡም ተራውን ይሞላል። ስለዚህ የፎገራ ጉዳይ ፎገራ ውስጥ ብቻ አይጨረስም።

ሁለት ነገር ጠይቄ ልቀመጥ። አንደኛው፣ የቀረው የሸሸርና የወላላ መሬት ለማንም እንዳይታደል፣ ወሰኑ ሽማግሌዎች ባሉበት ይተከል። ሁለተኛው፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ የፋርጣ ገበሬዎች ይጠሩ። እርከን የሚሠሩት እነሱ፣ የምንጠቀመው እኛ ነን። የጉልበታቸውን ዋጋ በምን እንደምንካፈል ፊት ለፊት ተቀምጠን እንነጋገር። የመኪናውን ኪራይ እኛ እንቻል። ምሳውንም እንደዚሁ፤ የሩዝ እንጀራ አይጠፋም።

አመሰግናለሁ።