የተሰበረው ክዳን

እንዴት ናችሁ፣ ሰላም ናችሁ ወይ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። በየመሃሉ መዶሻ ከሰማችሁ የጎረቤት ግንባታ ነው፣ ቻሉት።

የምኖረው አቃቂ ነው፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በደርግ ጊዜ በተሠራ አፓርታማ ውስጥ። ጣሪያው ቆርቆሮ አይደለም፤ ሰዉ ኤተርኒት የሚለው ግራጫ፣ ሞገድ ሞገድ ያለው የሲሚንቶ ክዳን ነው። በዚህ ክረምት አንድ ቀን የወረደው በረዶ ብትንትኑን አወጣው። ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ፍራሻቸውን ተሸክመው ወረዱ፣ ስብርባሪው ደረጃውን ሞላው። በነጋታው ሰዉ ማንም ሳይጠራው መጥረጊያ ይዞ ወጣ። አቧራ በአቧራ ሆነ።

ጂኦሎጂ ያጠና ጓደኛ አለኝ፤ ፎቶ ላኩለት። ወዲያው ደወለ። «መጥረጊያውን አስቁም፣ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል» አለኝ።

አስቤስቶስ ከመሬት የሚወጣ ማዕድን ነው፤ እንደ ቃጫ እየተሰነጠቀ ይቀጥናል። እሳት አይበላውም፣ ጠንካራ ነው፣ ርካሽም ነበር፤ ስለዚህ ባለፈው መቶ ዓመት በጣሪያ ክዳን፣ በውኃ ቧንቧ፣ በመኪና ፍሬን ሸራ ሳይቀር ገባ። ሲሚንቶው አስሮ እስከያዘው ድረስ ብዙም አይወጣም። ሲሰበር፣ ሲበሳ፣ በደረቁ ሲጠረግ ነው አየር ላይ የሚነሳው። ያኔ አይታይም፣ አይሸትም። ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። የሳንባ ካንሰርና ሜሶቴሊዮማ የሚባለውን የሳንባ ሽፋን ካንሰር ያመጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ግን ከ20 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆቹ 2005 ከልክሎታል፣ ደቡብ አፍሪካ ደግሞ በ2008።

የኛው ክዳን አስቤስቶስ አለበት? በዓይን አይለይም። ቁራጩ ድንጋይ በሚመረመርበት ዓይነት ማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ጓደኛዬ አርጥቦ በላስቲክ ጠቅልሎ ወስዶታል፤ ውጤቱ እስኪመጣ አለበት ብለን ነው የምንኖረው። ይሄ ለእኔ ግልጽ ነው። ለሰፈሩ ማስረዳቱ ነው መከራው።

ዘበኛችን ጋሼ ምን አሉኝ መሰላችሁ፤ «ልጄ፣ እዚህ ጣሪያ ሥር አርጅቻለሁ፣ ምን ሆንኩ?» ግማሹን ልክ ናቸው። ያልተሰበረ ክዳን ሥር መኖር ሌላ፣ ስብርባሪ መጥረግ ሌላ። አደጋውም በመጠንና በጊዜ ብዛት ነው የሚጨምረው፤ አንድ ጠዋት ጠርጎ የገባ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ሲተነፍሰው ከኖረ ሰው ጋር እኩል አይደለም። «ይህን ያህል ቢገባ ችግር የለውም» የሚባል ልክ ግን አልተገኘም። ምድር ቤት ያሉት እማማ ደግሞ ለሁሉም ወተት አዘዙ፣ ቀለም ቀቢዎቹም አቧራ ውስጥ የሚውሉትም ይጠጣሉ ብለው። እኔም ጠጣሁ፣ እማማ እንቢ አይባሉም። ወተት ግን ሆድ ነው የሚገባው፣ ሳንባ ጋ መንገድ የለውም።

ያስደነገጡኝ ልጆቹ ናቸው። ስብርባሪው ሲያሰምሩበት ነጣ ያለ መስመር ይተዋል፤ እነሱ ደግሞ ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱበትን ሣጥን በእሱ አስምረዋል። እየፋቁ፣ እፍ እያሉ። ሰብስቤ ስወስድባቸው የተቆጡኝ ነገር! ሱቅ ሄጄ ጠመኔ ገዛሁላቸው።

ሐኪም ጋም ሄጃለሁ፣ ራጅ ልነሳ ብዬ። አሁን ምንም አያሳይም አለኝ፤ መቼና እንዴት እንደተጋለጥክ ጽፈህ አስቀምጥ፣ ሲጋራ የምታጨስ ከሆነ ተው፣ ሁለቱ ሲገናኙ የሳንባ ካንሰሩን አደጋ በጣም ያንሩታል። እንዲህ ብሎ ሸኘኝ።

የቀረውን ስብርባሪ ሳሙና በገባበት ውኃ አርጥበን፣ ሳንሰብር በእጅ እየለቀምን፣ ወፍራም ላስቲክ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጠቀለልነው። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ፤ ጨርቁም አብሮ ታሰረ። የኮሮና ጊዜው ማስክ ለዚህ አይሆንም፣ ፊት ላይ ግጥም የሚል፣ ፒ3 የሚባለው ማጣሪያ ያለው ነው የሚያስፈልገው። እሱን ፍለጋ መርካቶን ዞርኩ፣ አያድርስ ነው።

ላስቲኮቹ አሁን ከሕንፃው ጀርባ ሸራ ለብሰው ተቀምጠዋል። ቆሻሻ የሚያነሱት ልጆች ሊጭኑት መጥተው ነበር፤ አልሰጠሁም። እንደ ሌላው ቆሻሻ ይረግጡታል፣ ላስቲኩ ይቀደዳል፣ ከዚያ የሚደፋበት ቦታ ላይ ሰው በእጁ እየፈተሸ የሚሸጥ ነገር ይፈልግበታል። የሚመለከተው ቢሮ ስሄድ ደብዳቤ አምጡ አሉ፣ ደብዳቤ ይዤ ስሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።

በዚህ መሃል ላይኛው ፎቅ ያሉት በፕላስቲክ ሸራ ሥር ነው የሚያድሩት። የመጣው ቆርቆሮ ሠሪ የቀረውን ክዳን በግራይንደር ቆርጬ በአንድ ቀን አወርደዋለሁ ይላል። አይሆንም፣ ውኃ እየረጨህ፣ ብሎኑን እየፈታህ፣ ሙሉ ሙሉውን አውርድ አልነው። ዋጋውን ሰቀለው። የሕንፃው ኮሚቴ እሁድ ይሰበሰባል፣ ግማሹ ርካሹን እንደሚመርጥ ከወዲሁ ይታወቃል፤ አልፈርድም፣ የቤት ኪራዩም የትምህርት ቤት ክፍያውም አለ። ክዳን ሳይሰብር አውርዶ የሚያውቅ ባለሙያ የምታውቁ ካላችሁ፣ ከእሁድ በፊት ጻፉልኝ።