ከኢሜይል ውስጥ አባሪ ፋይሎችን በትእዛዝ ስለ ማውጣት

የተከበራችሁ ከየወረዳው የመጣችሁ የመዝገብ ቤትና የኮምፒውተር ባለሙያዎች፣ እንደምን አደራችሁ? የጣርማ በርን ጭጋግ አልፋችሁ፣ ከመርሐቤቴም የጀማን ሸለቆ ተሻግራችሁ ደብረ ብርሃን ድረስ ስለ መጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የሩብ ዓመት ሪፖርቶችን ከኢሜይል ማውረድ የእኔ ሥራ ነበር። መልእክቱን እከፍታለሁ፣ አባሪውን አወርዳለሁ፣ ስሙን እለውጣለሁ፣ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። አንድ ቀን በመካከሉ መብራት ጠፋና ስመለስ የቱን አውርጄ የቱን እንደ ተውኩ መለየት አቃተኝ፤ የአንድ ወረዳ ሪፖርት ሳይደመር ቀርቶ ጥቅሉ ጎዶሎ ሆኖ ወደ በላይ ተላለፈ። ወረዳው በወቅቱ ልኮ ነበር። ያ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩትም በእሱ ምክንያት ነው።

ኢሜይል በመጀመሪያ የተሠራው ለተራ የላቲን ጽሑፍ ብቻ ነበር። በ1992 እ.ኤ.አ. ናትናኤል ቦረንስታይንና ኔድ ፍሪድ ማይም የተባለውን ደንብ ሲያወጡ ግን ፎቶም ሆነ ሰነድ ወደ ፊደል ተለውጦ በመልእክቱ ውስጥ የሚጓዝበት መንገድ ተከፈተ። አንድ መልእክት በፋይልነቱ አስቀምጣችሁ በጽሑፍ ማረሚያ ብትከፍቱት ይህን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፤ ከላይ የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ፣ ቀጥሎ በሁለት ሰረዝ የሚጀምር የድንበር መስመር፣ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ መስመር እስከ 76 የሚደርሱ ትርጉም የለሽ የሚመስሉ ፊደላት ተደርድረዋል። ቤዝ64 የሚባለው ይህ ነው። ሦስቱን ባይት በአራት ፊደል ስለሚጽፍ 3 ሜጋ ባይት የነበረው ፎቶ በመንገድ ላይ ከ4 ሜጋ ባይት በላይ ይሆናል፤ ኔትወርካችን ደካማ በሆነበት ቦታ ይህ ቀላል ጭነት አይደለም።

እንግዲህ አባሪ ማውጣት ማለት ድንበሩን ፈልጎ በመካከሉ ያለውን ፊደል ወደ ቀድሞ መልኩ መመለስ ነው፤ ይህን ደግሞ ኮምፒውተር ሳይሰለች ይሠራዋል። ኡቡንቱ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ኤምፓክ የተባለውን የፕሮግራም ጥቅል ስትጭኑ ሙንፓክ የሚባል ትእዛዝ አብሮ ይመጣል፤ ባዶ ፎልደር ውስጥ ገብታችሁ ሙንፓክ ብላችሁ የመልእክቱን ፋይል ስም ብታስከትሉ አባሪዎቹ እዚያው ይዘረገፋሉ።

ለእኛ ግን ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ የተሰየመ ፋይል በኢሜይል ሲላክ ስሙም እንደ ይዘቱ ወደ ላቲን ፊደል ተቀይሮ ይጓዛል፤ ሙንፓክ የቆየ መሣሪያ በመሆኑ ስሙን መልሶ አይፈታውም፣ የሚጠረጥራቸውንም ምልክቶች በኤክስ ይተካቸዋል። በዚያ ላይ ሁሉም ወረዳ ፋይሉን «ሪፖርት» ብሎ ከላከ ሁለተኛው ነጥብ 1፣ ሦስተኛው ነጥብ 2 እየተባለ ይቀመጣል፤ የማን እንደሆነ በስሙ የሚያውቅ አይኖርም።

ስለዚህ እኔ የምመክረው ፓይዘን የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው። ኢሜይል የተባለው ሞጁል፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ ክፍል፣ ከፓይዘኑ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ኢንተርኔት እንኳ አያስፈልገውም፤ መልእክቱን ሲያነብ ዲፎልት የተባለውን ፖሊሲ፣ ማለትም የአነባበብ ደንብ፣ እንዲከተል ካዘዝነው የአማርኛውን ስም እንደ ተጻፈ ይመልስልናል። ከ20 መስመር በማይበልጥ ኮድ በአንድ ፎልደር ያስቀመጣችኋቸውን መልእክቶች በየተራ ከፍቶ፣ በእያንዳንዱ አባሪ ስም ፊት የላኪውን አድራሻና ቀኑን ጨምሮ ያስቀምጣል። ላኪው በፋይሉ ስም ውስጥ የፎልደር መንገድ ሊያስገባ ስለሚችል፣ ፋይሉ ባላሰባችሁት ቦታ እንዳይቀመጥ የስሙን የመጨረሻ ክፍል ብቻ መውሰዳችሁን አደራ አትርሱ።

ሥራው ሲያልቅ የመልእክቶቹን ቁጥርና የወጡትን ፋይሎች ቁጥር አስተያዩ፤ አባሪ ያልተገኘበትን መልእክት ኮዱ በስሙ ይንገራችሁ፣ እናንተም የዚያኑ ዕለት ወደ ወረዳው ደውሉ። ዋናዎቹን መልእክቶች ግን ሪፖርቱ ተደምሮ እስኪጸድቅ ድረስ አታጥፏቸው።