ሕፃኑን ማን አየው? መቼስ ተመልሶ ያየዋል?

የተከበራችሁ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች፣ ሜትሮኖች፣ የሕፃናትና የድንገተኛ ክፍል ባልደረቦች፣ የፋርማሲና የባዮሜዲካል ባለሙያዎች፤ እንደምን አደራችሁ።

ስለ ሕፃናት ሞት በተሰበሰብን ቁጥር ጨዋታው ቶሎ ወደ ዕቃ ይዞራል። ቬንቲሌተር የለንም፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የለንም፣ ስፔሻሊስት የለንም እንላለን። እውነት ነው፣ የለንም። ነገር ግን ዕቃ ብቻውን ምን እንደሚሠራ የሚያሳዩ ሁለት ጥናቶችን ላስቀድም።

ባብል ሲፓፕ የምንለው፣ ለመተንፈስ የሚታገልን ሕፃን ሳንባ በአየር ግፊት ክፍት አድርጎ የሚያቆይ ዘዴ ቀላል ነው፤ ሕፃኑ የሚያስወጣው አየር በቱቦ አልፎ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ የቱቦው ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ ሳንባው ላይ የዚያኑ ያህል ግፊት ይቆያል። ባንግላዴሽ፣ ዳካ ውስጥ ተሠርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከባድ የሳንባ ምች ይዟቸው ሲፓፕ ከተደረገላቸው 79 ሕፃናት 3 ሞቱ፤ በተለመደው መንገድ ኦክስጅን ከተሰጣቸው 67 ደግሞ 10። በማላዊ የሳሊማ ወረዳ ሆስፒታል ተሠርቶ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ግን ተቃራኒውን አሳየ፤ ሲፓፕ ከተደረገላቸው 321 ሕፃናት 53፣ ተራ ኦክስጅን ካገኙት 323 ደግሞ 35 ሞቱ። ሕፃናቱ አንድ ዓይነት አልነበሩም፤ የሳሊማዎቹ ብዙ ሌላ ችግር ያለባቸው ነበሩ። ይሁን እንጂ ዳካ ሐኪም ቀንም ሌሊትም አጠገባቸው ነበር፣ ሳሊማ ግን በየቀኑ የሚከታተል ሐኪም አልነበረም። ስለዚህ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ዋጋውን ሳይሆን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማን እንደሚያየው ነው።

ከበሩ ልጀምር። በብዙ ሆስፒታሎቻችን በጠና የታመመ ሕፃን መጀመሪያ የሚያገኘው ጥበቃውን ነው፣ ቀጥሎ ካርድ ክፍሉን፣ ከዚያ ሰልፉን። ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ሰዓት አልፏል። በማላዊ ብላንታየር ከተማ የሚገኘው የኩዊን ኤልሳቤጥ ሆስፒታል የሕፃናት አቀባበሉን አስተካክሎ ድንገተኛ ሕፃናትን ከሰልፍ መለየት ሲጀምር፣ ቀድሞ ከመቶ 10 እስከ 18 የነበረው የተኝተው ታካሚ ሕፃናት ሞት ከመቶ ከ6 እስከ 8 ወረደ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚያሠለጥነውም ይህንኑ ነው። አየር መንገዱ ክፍት ነው? ለመተንፈስ ይታገላል? ምላሱ ሰማያዊ ሆኗል? እጁ ይቀዘቅዛል? ጥፍሩን ተጭነው ሲለቁት ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ይፈጃል? ይነቃል? ይንቀጠቀጣል? ተቅማጥ ካለበት ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ቆዳው ሲቆነጠጥ ከ2 ሰከንድ በላይ ቆይቶ ይመለሳል? ለለመደ ሰው አንድ ደቂቃ አይሞላም። ከእነዚህ አንዱ የአደጋ ምልክት ከታየ ሕክምናው እዚያው ይጀመራል፣ ካርዱም ክፍያውም በኋላ ይደርሳል። ጥበቃዎችና የጽዳት ሠራተኞችም ሦስቱን ይወቁ፤ የማይነቃ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ለመተንፈስ የሚታገል ሕፃን ሰልፍ አይጠብቅም።

የድንገተኛ መድኃኒት ቁም ሣጥን ቁልፉ ተረኛ ባልሆነ ሰው ኪስ ውስጥ መገኘቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቁልፍ የሌለው ትሪ ይሻላል። በእጅ የሚጨመቀው የትንፋሽ ከረጢት አምቡ ባግ ከየመጠኑ ማስክ ጋር፣ አክታ መምጠጫው ሳክሽን፣ ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ካኑላ፣ የደም ስኳር የሚለካው ግሉኮሜትር ከነስትሪፑ፣ ግሉኮስ፣ መንቀጥቀጥ የሚያቆመው ዳያዜፓም ይኑርበት፤ በየፈረቃው ርክክብ ተቆጥሮ ይፈረምበት። ስትሪፑ ካለቀ ግሉኮሜትሩ ጌጥ ነው።

ግሉኮስ ላይ አንድ ስሕተት ደጋግሞ ይታያል። ለሕፃን በደም ሥር የምንሰጠው 10 በመቶ ነው፣ በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር። በእጃችን ያለው ግን አንዳንዴ 40 በመቶ፣ አንዳንዴ 50 በመቶ ነው። ባለ 40ው 10 ሚሊ ሊትር ከ30 ሚሊ ሊትር ለመርፌ ከሚሆን ንጹሕ ውኃ ጋር ይቀላቀላል፤ ባለ 50ው 10 ሚሊ ሊትር ከ40 ጋር። በጭንቀት ሰዓት ይህን በቃል ማስላት አይቻልም፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የሚንቀጠቀጥ ሕፃን ዳያዜፓም በፊንጢጣ በኪሎ 0.5 ሚሊ ግራም ይሰጠዋል፤ 10 ሚሊ ግራም በ2 ሚሊ ሊትር የሆነው አምፑል ከሆነ ለ10 ኪሎ ሕፃን 1 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ከ10 ደቂቃ በኋላ ካላቆመ አንድ ጊዜ ይደገማል። እስከዚያ ስኳሩ ተለክቶ ካልሆነ ግን ሥራው ግማሽ ነው።

ስለ ፈሳሽ ልማዳችንን መመርመር አለብን። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ 3,141 ሕፃናት የተሳተፉበት፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመው ትልቅ ጥናት፣ ትኩሳት ይዟቸው የደም ዝውውራቸው ለተዳከመ ሕፃናት ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት እንደጎዳ አሳይቷል። በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱት በፍጥነት ሳላይን፣ ማለትም የጨው ውኃ፣ ከተሰጣቸው ከመቶ 10.5፣ ካልተሰጣቸው 7.3 ነበሩ። ስለዚህ እጁ ስለቀዘቀዘ ብቻ አይንቆርቆርበት። ቀዝቃዛ እጅ፣ የዘገየ የጥፍር ቀለም፣ ደካማና ፈጣን የልብ ምት ሦስቱም ሲሟሉ ነው ሾክ፣ ማለትም የደም ዝውውር መውደቅ፣ የምንለው፤ ያኔም በዓለም ጤና ድርጅት የ2016 መመሪያ መሠረት በኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ፣ እያዩ። በተቅማጥ ክፉኛ የደረቀ ሕፃን ጉዳይ ሌላ ነው፤ እርሱ በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ሪንገር የተባለው የደም ሥር ፈሳሽ ያስፈልገዋል፣ በጠና የተመጣጠነ ምግብ እጥረት ከሌለበት። ከዓመት በታች ከሆነ 30ው በ1 ሰዓት፣ 70ው በ5 ሰዓት፤ ከዓመት በላይ ከሆነ 30ው በግማሽ ሰዓት፣ 70ው በ2 ሰዓት ተኩል። ፈሳሹን የሚለካው ቡሬት ከሌለ ደግሞ ባለ 1000 ሚሊ ሊትሩን ከረጢት ለ6 ኪሎ ሕፃን ሙሉውን አትስቀሉ። የሚያስፈልገውን አስቀርታችሁ ሌላውን አፍስሱ፤ ነርሷ ሌላ ሕፃን ስታይ ቢፈጥን እንኳ የሚገባው መጠን የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ኦክስጅን። የፓፑዋ ኒው ጊኒ አምስት ሆስፒታሎች ከአየር ኦክስጅን የሚያጣራ ኮንሰንትሬተርና ጣት ላይ ተይዞ የደም ኦክስጅንን በመቶኛ የሚለካ ፑልስ ኦክሲሜትር አስገብተው ሠራተኛውን ሲያሠለጥኑ፣ በሳንባ ምች የሚሞቱት ሕፃናት ከመቶ 4.97 ወደ 3.22 ወርደዋል። ዓይን ብቻውን የኦክስጅን እጥረትን አይለይም፤ ሕፃኑ ሰማያዊ ሳይሆን 82 በመቶ ላይ ሊገኝ ይችላል። ከ90 በታች ከሆነ ኦክስጅን ይጀመራል፤ ሾክ፣ ራስን መሳት ወይም ከባድ የደም ማነስ ካለ ከ94 በታች። ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ባሉ ከተሞቻችን መመሪያው 87ን መነሻ ያደርጋል። የአዋቂ ጣት መያዣ በጨቅላ ጣት ላይ ትክክል አያነብም። ጣቱ እንሶስላ ከተቀባ የእግር ጣት ሞክሩ፣ የልብ ምቱ በትክክል ሲቆጠር ብቻ ቁጥሩን እመኑ። መጠኑ አፍንጫ ውስጥ በሚገባው ቱቦ፣ በናዛል ፕሮንግ፣ ለጨቅላ ከግማሽ እስከ 1 ሊትር በደቂቃ፣ ለሕፃን እስከ 2፣ ከፍ ላለ ልጅ እስከ 4 ነው። በዚህ መጠን ውኃ ያለበት ማርጠቢያ ጠርሙስ አያስፈልግም፤ ሳይቀየር የሰነበተ ውኃ ትርፉ ጀርም ነው።

ኮንሰንትሬተር የሚበላሸው በአብዛኛው በአቧራና በመብራት ነው። የውጭ ፊልተሩ በየሳምንቱ ይታጠብ፣ ማሽኑ ከግድግዳ ይራቅ፣ በስታቢላይዘር በኩል ይሰካ። ማሽኑ ይጮሃል ማለት ኦክስጅን ያወጣል ማለት አይደለምና ባዮሜዲካሉ የሚወጣውን አየር ንጥረት በየጊዜው ይለካ። መብራት ሲጠፋ ኮንሰንትሬተር ያጠራቀመው ነገር የለውም፤ ሬጉሌተሩ የተገጠመለት ሲሊንደር እዚያው ክፍል፣ መፍቻው በሰንሰለት አብሮት ይታሰር። 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 6,000 ሊትር ገደማ ኦክስጅን አለው፤ በደቂቃ 1 ሊትር ለአንድ ሕፃን 100 ሰዓት፣ ለአራት ሕፃናት 25 ሰዓት ነው። ሂሳቡን ዓርብ ከሰዓት ሥሩት፣ እሑድ ሌሊት አይደለም። ሪፈር ስትጽፉም እንዲሁ፤ አምቡላንሱ ውስጥ ያለው ለመንገዱ ይበቃል? ተቀባዩ ሆስፒታል ተደውሎለታል?

በጠና የተመጣጠነ ምግብ እጥረት የያዘው ሕፃን የሚሞተው ብዙ ጊዜ ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ስኳሩ ይወርዳል፣ ገላው ይቀዘቅዛል። ለ6 ኪሎ ሕፃን ኤፍ 75 የተባለው የመጀመሪያዎቹ ቀናት የሕክምና ወተት በየ2 ሰዓቱ 65 ሚሊ ሊትር ነው፣ ሌሊቱን ጨምሮ 12 ጊዜ። ሰውነቱ ክፉኛ ያበጠ ከሆነ መጠኑ ይቀንሳል። ሌሊት የሚዘለለው በስንፍና ሳይሆን ለመላው ክፍል አንዲት ነርስ ስላለች ነው። ወተቱ ማታ ተለክቶ በቀዝቃዛ ቦታ ይዘጋጅ፣ እናት በኩባያና በማንኪያ ማጠጣትን ትማር፣ ነርሷ ሰዓቱን ትጥራ፣ ቅጹ ላይ ትሙላ። ሕፃኑ ቶሎ እንዲወፍር ብሎ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዘሎ ኃይሉ የበዛውን ወተት፣ ኤፍ 100ን፣ መጀመር ልቡን ሊያደክም ይችላል።

ነርስ የሚጨምር በጀት የላችሁም ይሆናል፤ አልጋ ማዘዋወር ግን ገንዘብ አይጠይቅም። በጣም የታመሙት አራት አምስት ሕፃናት ከነርሷ ጠረጴዛ ፊት ይሁኑ። ትንፋሽ፣ ኦክስጅን፣ የልብ ምት፣ ሙቀትና ንቃት በአንድ ገጽ ላይ ይመዝገቡ። የማታ ርክክብ በጠረጴዛ ዙሪያ ሳይሆን አልጋ ለአልጋ ይሁን። ተረኛው ሐኪም ተጠርቶ በ15 ደቂቃ ካልመጣ ቀጥሎ የሚጠራው ማን እንደሆነ ሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ ይወስን። ይህን ለነርሷ ድፍረት መተው ተገቢ አይደለም።

የሞት መዝገባችሁን በ24 ሰዓት ውስጥ የሞቱና ከዚያ በኋላ የሞቱ ብላችሁ ለዩ። የመጀመሪያው ከበዛ በሩና ሪፈሩ ላይ፣ ሁለተኛው ከበዛ ክፍሉና ሌሊቱ ላይ ሥሩ። ከምሳ በኋላ በየሆስፒታላችሁ ተቀምጣችሁ ያለፈውን ሩብ ዓመት መዝገብ በዚህ መንገድ ትከፍላላችሁ፤ የግሉኮስና የሲሊንደር ሂሳቡን ደግሞ በእጃችሁ ባለው ዕቃ እንሠራዋለን።